ያልሰማችው ልብ

ሐኪሟ ከባሕር ማዶ መጥታ በሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል ስትቀጠር፣ ከሴት ሐኪሞች የመጀመሪያዋ ነበረች። “ቋንቋችንን እንኳ አጥርታ የማትናገር መጤ ልጄን አትነካም” ያሏት አባቶች ብዙ ነበሩ። ጥርሷን ነክሳ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠራች፤ በኋላ በኋላ እናቶች ከእሷ በቀር ሌላ ሐኪም አናምንም አሉ።

ጆሮዋ መድከም ሲጀምር ግን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። በስንት መከራ የገባችበትን ሥራ ለቅቃ መውጣት አልሆነላትም። በዚህ መሃል አንዲት እናት የአራት ወር ሴት ልጇን አመጣች፤ ሕፃኗ ጡት ስትጠባ ላብ ያጠምቃታል። ሐኪሟ ማዳመጫውን ሕፃኗ ደረት ላይ አድርጋ ቆየች። እንግዳ ድምፅ አልሰማችም። “ልቧ ደህና ነው፤ ጉንፋን ነው” ብላ ሸኘቻቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ሕፃኗ ከንፈሯ ጠቁሮ ተመለሰች። የሐኪሟ ተማሪ የነበረው ባልደረባዋ አዳምጦ ሲያበቃ ቀና ብሎ አያት።

“ዶክተር፣ ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ። ድምፁ እኮ ግልጽ ነው፤ አልሰሙትም?”

ሕፃኗ ለቀዶ ሕክምና ሳትደርስ በማግስቱ አረፈች።

ሐኪሟ እናቲቱን ኮሪደር ላይ አገኘቻትና አጠገቧ ተቀመጠች። “ጆሮዬ አይሰማም፤ እያወቅኩ ደብቄያለሁ። ልጅሽን የገደልኳት እኔ ነኝ።”

“ተዉ እማማ” አለች እናቲቱ እጇን ይዛ። “እርስዎ ያልቻሉትን ማን ይችል ነበር?” ከዚያ ትከሻዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ሐኪሟ መልቀቂያዋን የዚያኑ ዕለት ጻፈች። እናቲቱ በሄደችበት ሁሉ ስሟን በበጎ ታነሳለች አሉ፤ ይህን በነገሯት ቁጥር እህል ከጉሮሮዋ አይወርድም።