አሰጋሽ ምጽዋን ስትጎበኝ

«ይኸውልዎ እማማ፣ ቱርኮች የሠሩት ነው» አለ ጀይላን፣ አሰጋሽን ከድንጋይ ቅስት ሥር አቁሞ። «ድንጋዩ ከባሕር የወጣ ነው። መስኮቱን ይዩልኝ፣ እንጨቱ እንዴት እንደተፈለፈለ!»

አሰጋሽ አየች። ምን ታድርግ፣ ከጠዋት ጀምሮ አይታ አይታ ዓይኗ ደክሟል። የቀድሞውን ንጉሥ ቤተ መንግሥት አሳይቷታል፤ መርከቦቹን አሳይቷታል፤ ድልድዩ ላይ አቁሞ ከሜዳው ማዶ የተደረደሩትን ተራሮች ጠቁሟታል። ከተማው ውብ ነው፣ ማን ይክዳል! ግን ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ለምና፣ ከሚዛን ተፈሪ ጅማ፣ ከጅማ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አስመራ፣ ከአስመራም ያንን ሁሉ ቁልቁለት ወርዳ የመጣችው ለድንጋይና ለመስኮት አልነበረም። ወደብ ላይ መካኒክ የሆነ አንድ ልጅ አላት፤ ከፈለኝ። ድምፁ ሲጠፋባት ነው ሱቋን ዘግታ የተነሳችው።

ጀይላንም የሚዛን ልጅ ነው፤ ከከፈለኝ ጋር አብሮ ያደገ፣ አብሮ የተቀጠረ። ትናንት ወደቡ በር ላይ ልጇን ስትጠይቅ እየሮጠ የወጣው እሱ ነው። «ከፈለኝ ዳህላክ ጀልባ ሊጠግን ሄዷል፤ ቶሎም አይመለስም» አላትና ሎሚ ከምትባል ጎረቤቱ ቤት አሳደራት።

«ታዲያ እስኪመለስ ልጠብቀዋ!» አለች አሰጋሽ። «ሎሚን ሥራ እያገዝኳት እከርማለሁ።»

«ኧረ እማማ! ይህ ሙቀት ለእርስዎ አይሆንም። ነገ በጠዋት እንወጣለን። ፈቃድ ወስጃለሁ፤ እኔው ሚዛን አደርስዎታለሁ።»

«እስከ ሚዛን?»

«እስከ ደጃፍዎ።»

ይህን ብሎ ክንዷን ያዝ አደረጋት። ያኔ ነው ነገሩ የገባት። የጎረቤቷ የማናልሞሽ ወንድም ቴፒ ላይ የሞተ ጊዜ፣ ወሬው ከጆሮዋ እንዳይገባ እንዲሁ ክንዷን ይዛ ገበያውን ስታዞራት የዋለችው አሰጋሽ ራሷ አይደለችም? ይህ ጨርቅ ያምርብሻል፣ ያኛው ይሻልሻል እያለች፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ መርዶውም በወጉ ጎህ ሲቀድ በቤቷ እስኪነገራት ድረስ። ሎሚስ ብትሆን የሚዛን ጎረቤት የቦንጋ ልጅ ሆና፣ ትናንት ማታ እግሯን ስታጥባት መች አንድ የአገር ወሬ ጠየቀቻት!

የድንጋይ ደረጃው ላይ ዘጭ አለች።

«እማማ! ውሃ ላምጣልዎ?»

«ጀይላን፣ ልጄ ሞቷል።»

«ኧረ ምን ሲሉ...»

«ተው ልጄ። ውሸት አታውቅበትም።»

ጀይላን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ወባ ነው እማማ፤ ምንም አላቆየውም። እዚያ ማዶ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው ያለው። እኔው ተሸክሜ ነው ያስቀበርኩት።»

አሰጋሽ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘች። እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ። አላፊ አግዳሚው እያየ ያልፋል፤ የሚያውቃትም፣ አይዞሽ የሚላትም የለም።

«ምን ይውጠኛል!» አለ ጀይላን ከጎኗ ተንበርክኮ። «ለወንድምዎ ለባዘዘው ትናንት ደውዬ ነበር። ‹አደራ፣ ምንም ሳትሰማ አምጣልን› ብሎኛል። ዘመድ ሁሉ ቤትዎ እየጠበቀ ነው። አሁን እናቱን በሰው አገር፣ መንገድ ላይ አረዳት ሊሉኝ ነው።»

ልጁ አሳዘናት። ይህን ሁሉ ሐዘን ብቻውን ይዞ ሲያስጎበኛት መዋሉ አንጀቷን በላው። ወጉ ልክ ነው፤ እሷም ለማናልሞሽ ያደረገችው ነው። ድንኳኑ ሚዛን ይተከላል፣ ልቅሶኛውም ሚዛን ይመጣል። ከፈለኝ ግን እዚህ ነው። ነገ አውቶቡስ ከተሳፈረች ይህን አገር ዳግመኛ አታየውም።

«ሚዛን ስንገባ መርዶውን ያርዱኝ» አለች ጉንጯን እየጠረገች። «እንዳልሰማ ሰው ሆኜ እሰማቸዋለሁ። አንተን ማንም አይወቅስህም። አሁን ግን መቃብሩን አሳየኝ።»

ጀይላን እጁን ዘረጋላትና ተነሳች። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ልታዘቀዝቅ ጥለቱን ያዘች፤ ጥቂት አሰበችና እንደነበረ ትከሻዋ ላይ መለሰችው።

«ምራኝ» አለችው።