በአዲል ስም የተቀዳ ደም

ዘሪና ከዚህ በፊት አንድ ልጅ ቀብራለች። ሰልማን በሦስት ዓመቱ ገርጥቶ፣ ሆዱ ተነፍቶ ሲሞት የመንደሩ ሰው «የሰው ዓይን ነው» አለና አፈሩን መልሶ ሄደ። ኢቅራ ተወልዳ ገና በስምንት ወሯ እንደ ወንድሟ ስትገረጣ ግን ዘሪና ዓይን የሚባለውን ነገር አልሰማ አለች። ልጅቷን አቅፋ አውቶቡስ ተሳፈረችና ሙልታን ከተማ ሆስፒታል ገባች። የበሽታውን ስም ያወቀችው ያን ቀን ነው፤ ታላሴሚያ። እነሆ ኢቅራ ዘጠኝ ዓመት ሞላት፤ በየሃያ ቀኑ የሰው ደም ካልተሰጣት አትቆምም።

ምክንያቱን ያስረዳቻት ዶክተር ፈርሃት ናት። ዘሪናና ባሏ ጉልዛር የወንድማማች ልጆች ናቸው፤ ከአንድ አያት አንድ ዓይነት ጉድለት ወርሰዋል። ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰው ሰው ተሸካሚ ይባላል፤ ምንም አይሆንም። ጉድለቱን ከእናትም ከአባትም የወሰደ ልጅ ግን ደሙ አይበቃውም።

«ከአራት ልጅ አንዱ ይታመማል አሉኝ» አለች ዘሪና ያኔ። «አንዱ ሞቶልኝ የለም እንዴ? ዕጣው ወጥቶ አልነበረም?»

«ዕጣው በየእርግዝናው እንደ አዲስ ነው የሚጣለው፣ እናቴ» አለቻት ዶክተሯ።

ይህን ለሰልማን ቀብር የመጣ አንድም ሽማግሌ አልነገራትም። እሷ የምትናደደው በዚህ ነው።

ታላቅየዋ ልጇ ሱመይራ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ጤነኛ ናት፣ ግን ተሸካሚ። የዘሪና ወንድም መንዙር ለልጁ ለአዲል የጠየቀው እሷን ነው። ዘሪና ለጉልዛር በተሰጠች ቀን የጉልዛር እህት ሸሚም ለመንዙር ተሰጥታለች፤ አንዷን ሰጥቶ አንዷን መቀበል። ከዚያ ወዲህ በአንዱ ቤት የተመታች ሴት በሌላው ቤት ታስመታለች፤ ከአንዱ የተባረረች ከሌላው ታስባርራለች።

ዶክተር ፈርሃት ይህን ስትሰማ ብዕሯን አስቀመጠች። «ታዲያ እነዚህ ልጆች አራቱም አያቶቻቸው አንድ ናቸው ማለት ነው። በሥጋ ከአንድ አባት፣ ከሁለት እናት እንደተወለዱ ልጆች ናቸው። አዲል ሳይመረመር እንዳትሰጪ።»

መንዙር ይህን ሲሰማ ሳቀ። «የእኛን ደም ነው የምትጠራጠሪው? አንቺ ራስሽ ከየት መጣሽ?»

በሳምንቱ ግን ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዞ መጣ። «እንኪ፤ ልጄ ንጹሕ ነው። አሁን አፍሽን ያዥ።» ዘሪና ወረቀቱን ሳመችው። ቀን ተቆረጠ።

ለመተጫጨቱ አራት ቀን ሲቀረው ሸሚም የሙሽራዋን ልብስ ይዛ መጣች። ኢቅራ ደም ሲሰጣት የሚጠራቀምባትን ብረት የሚያወጣላትን መድኃኒት በመርፌ ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ጥላ ሥር በገመድ አልጋ ተኝታለች።

«አክስቴ» አለች፣ «ሱመይራ ስትወልድ ልጇም እንደኔ ይወጋል?»

ሸሚም ልብሱን ከእጇ ጣለችና መሬት ላይ ተቀመጠች። ዘሪና መጀመሪያ የታመመች መሰላት።

«ዘሪና፣ ግደይኝ» አለች ሸሚም። «አዲል ተመርምሯል፤ ተሸካሚ ነው። ወረቀቱን መንዙር ራሱ አምጥቶ ዓይኔ እያየ ቀደደው። ከዚያ ያሲንን፣ የትራክተር ነጂያችንን ሌላ ላቦራቶሪ ወስዶ በአዲል ስም ደም አስቀዳው። ንጹሕ የሆነው ያሲን ነው።»

«አዲል ያውቃል?»

«ለሱም ንጹሕ ነህ ነው ያለው።»

ዘሪና የሳመችው ወረቀት ትዝ ብሏት ከንፈሯን በሻርፗ ደጋግማ ጠረገች። ማታ ለጉልዛር ስትነግረው አንገቱን ደፋ።

«እህቴን ያባርራታል» አለ። «ምናልባት አላህ ይጠብቃቸው ይሆናል። ዝም እንበል።»

«ሰልማንን ስንቀብር ዝም ብዬልሃለሁ። ሁለተኛ አትለምነኝ።»

በቀኑ ወንዶቹ መንዙር ግቢ ማንጎ ዛፍ ሥር በገመድ አልጋዎች ላይ ተቀምጠው ጣፋጭ ይዞርላቸዋል፤ ሴቶቹ ከግድግዳው ወዲያ ናቸው። ዘሪና ኢቅራን በእጇ ይዛ ወንዶቹ መሀል ገባች።

«መንዙር፣ ያ ወረቀት የማን ደም ነው?»

«ወደ ሴቶቹ ተመለሺ።»

«የማን ደም ነው አልኩህ! ልጄን ልትወስድ የያሲንን ደም ያመጣህ አንተ፣ በሰልማን መቃብር ላይ መቃብር ልትጨምር ነው? ይቺን እያት! የእህትህ ልጅ ናት። አንድ ቀን ሆስፒታል ወስደሃታል? ክንዷ ላይ መርፌ የሚገባበት ቦታ እንደጠፋ አይተሃል?»

መንዙር እጁን አነሳ። አዲል ከተቀመጠበት ተነስቶ መሀላቸው ቆመ።

«አባቴ፣ እውነት ነው?»

«የሴት ወሬ ነው!»

«እንግዲያው ያሲን ይንገረኝ።»

ያሲን የጣፋጭ ሣህን እንደያዘ ቆሞ ነበር። ሣህኑን አልጋው ላይ አስቀመጠ፤ ቀና ብሎ ግን አዲልን ለማየት አልቻለም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ሌላው ጫማውን ፈለገ።

መንዙር የተዋረደው ያኔ ነው፤ እናም የቀረውን ብቸኛ ዱላ አነሳ። «ጉልዛር! ልጅህ ካልመጣች እህትህን ዛሬውኑ ውሰድ!»

መልሱ የመጣው ከግድግዳው ወዲያ ነው። ሸሚም ሻርፗን ተከናንባ ወጣች።

«አትላከኝ» አለችው ባሏን፤ «እግር አለኝ።» ሃያ ሁለት ዓመት የኖረችበትን በር አልፋ ሄደች። ዘሪናም ኢቅራን ይዛ ተከተለቻት።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። መንዙር የመስኖውን ተራ ከጉልዛር እርሻ ቀማ፤ ጥጡ ደረቀ። ሸሚም ለሁለት ወር ከእነሱ ጋር ኖራ፣ ትናንሽ ሴት ልጆቿ እየናፈቋት አላስችል ሲላት ሽማግሌ ገብቶ ተመለሰች። መንዙርን ጥፋተኛ ያለ ሽማግሌ የለም፤ ዘሪናን ግን «ምላሷ ረዝሟል» አሏት። አዲል በራሱ ገንዘብ እንደገና ተመረመረ። ተሸካሚ መሆኑን ለሱመይራ ራሱ መጥቶ ነገራት፤ በማግሥቱ ካራቺ ወዳለ የጨርቅ ፋብሪካ ሄደ።

«አክስቴ፣ ይቅር በይኝ» ብሏት ነበር ሲሰናበት።

«አንተ ምን አደረግህ? ሂድ፣ ልጄ። ስታገባ ልጅቷንም አስመርምራት።»

ለዒድ መንዙር ከእርዱ የእህቱን ድርሻ በፌስታል ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ስድስት ወር ያላናገራት ሰው ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ይብቃን፣ እህቴ። የአንድ እናት ልጆች አይደለንም?»

«ሰልማንም የእናታችን የልጅ ልጅ ነበር» አለች ዘሪና። «በስሙ ማልልኝ። ሌላ ጊዜ እንዲህ አላደርግም በል።»

መንዙር አፉን ከፈተ፤ መሐላው ግን አልወጣለትም። የመጣው ይቅር ሊባል እንጂ ይቅርታ ሊጠይቅ አልነበረም። ዘሪና ፊቷን አዞረች። ሥጋውን ከኋላዋ የተቀበለው ጉልዛር ነው፤ «ዒድ ነው፣ ወንድምሽ ነው» እያለ።

ጉልዛር በላ፣ ልጆቹም በሉ። ዘሪና ያን ቀን ለብቻዋ ምስር ቀቅላ በላች።