ቲቸር የሰሙት ድምፅ

በእኛ ክፍል አዲስ የተተከለ ማሕፀን ደህንነቱ የሚታወቀው በጆሮ ነው። ብዕር የምታህል ማዳመጫ ሆድ ላይ አሳርፈን ደም ሲያልፍ እንሰማለን፤ ሽው፣ ሽው ይላል። ድምፁ ካለ ማሕፀኑ አለ። ከጠፋ ሩጫ ነው።

ይሄኛው ማሕፀን የእናትየዋ ነበር። ልጅቷ ስትፈጠር ጀምሮ ማሕፀን አልነበራትም፤ እናቷ "እኔ ጨርሼበታለሁ፤ አንቺን ያሳደረ ቤት ልጅሽንም ያሳድር" ብለው ሰጧት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሕፃናት ስላስተማሩ ሁላችንም ቲቸር እንላቸዋለን። የራሳቸው ቁስል ሳይደርቅ በተሽከርካሪ ወንበር ልጃቸው አልጋ አጠገብ እንዳደርሳቸው አዘዙኝ። አዘዙኝ ነው የምለው፤ ልመና አያውቁም።

"እስቲ አሰሚኝ፣ ሲስተር።"

አሰማኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

"ይንሾካሾካል" አሉ። "እኔ ጋ ሳለ እንዲህ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።"

"አንቺ መቼ ዕድል ሰጥተሽው፣ እማዬ" አለች ልጅቷ። ስትስቅ ስፌቷን ስለሚያማት ሆዷን ይዛ ነበር።

ሳምንቱ ሳያልቅ አንድ ጠዋት ማዳመጫውን ባሳርፈው ዝም አለ። ወደ ግራ ገፋሁት፣ ወደ ቀኝ ገፋሁት፣ ባትሪውን ሰደብኩ። ባትሪው ደህና ነበር። ወደ ማሕፀኑ የሚገባው ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ መንገዱን ዘግቶታል። ሐኪሙ ልጅቷን እንደገና ከፍቶ የረጋውን ደም አወጣ፤ ደም ሥሩንም እንደ አዲስ ሰፋው፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት አዘዘ። ድምፁ ሲመለስ ኮሪደር ላይ ቆሜ እንደ ሞኝ አለቀስኩ። በማግስቱ መልሶ ጠፋ። አሁን ግን ማሕፀኑ ጠቁሮ ስለነበር ከማውጣት በቀር ምርጫ አልነበረም።

ማሕፀኑ ወጥቶ ልጅቷ ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው "ለምን?" ብላ ነው። ሐኪሙ ነገር መሸፋፈን አይችልበትም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና የእናቷ ደም ሥሮች በዕድሜ ጠብበውና ደድረው እንደነበር፣ አስቀድሞ የተነሳው ምስልም ይህን ያህል እንዳላሳየ ነገራት።

"ጥፋቱ የማንም አይደለም" አለ።

"እማዬ ይህን እንዳትሰማ" አለች። "በእኔ የተነሳ ነው ብላ ትሞትብኛለች። አገግማ ቤቷ እስክትገባ ብቻ።"

"ከጠየቁኝ አልዋሽም። ካልጠየቁኝ ዝም እላለሁ።"

ስለዚህ ዋሾዋ እኔ ሆንኩ። እኔ ክፉው ምላሴ ነው እንጂ ሆዴ ቡቡ ነው፤ እንባዋን ሳትጠርግ እጄን ይዛ ስትለምነኝ አንጀቴን በላችው።

ቲቸር የሚያውቁት ደም ሥሩ መልሶ መዘጋቱን ብቻ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ መጡ።

"የረጋው ደም ተጠረገ?"

"ተጠርጓል፣ ቲቸር" አልኩ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

"በይ አሰሚኝ።"

እጄን ብርድ ልብሱ ውስጥ አስገብቼ ማዳመጫውን የልጅቷ ብሽሽት ላይ አሳረፍኩት። ወደ እግሯ የሚወርደው ትልቁ ደም ሥር እዚያ ያልፋል። ድምፁ ክፍሉን ሞላው። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ቲቸር ረጅም ጊዜ አዳመጡ። "ጎበዝ" አሉና ፀጉሯን ዳበሱ። "አሁን ተኚ።"

ወደ ክፍላቸው ስመልሳቸው ኮሪደሩ መሃል አስቆሙኝ።

"የእኔው ይንሾካሾክ ነበር። ይሄ ይጮኻል። የራሷ ደም ሥር ነው አይደል?"

"ቲቸር፣ እኔ..."

"ዕድሜ ልኬን ከረሜላ ጉንጩ ውስጥ ወትፎ አልበላሁም ከሚል ሕፃን ጋር ነው የኖርኩት። ፊትሽን አይቼዋለሁ።" ከዚያ ወደ ልጃቸው ክፍል ዞረው አዩ። "ያረጀ ነገር ሰጠኋት። ደጋግሜ አስቀደድኳት። እሷን የተሸከመ ሆድ ለሷ ሲሆን ከዳኝ።"

አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ እጃቸውን ያዝኩ።

"እንዳወቅኩ እንዳትነግሪያት" አሉ፣ በጋውናቸው እጅጌ ዓይናቸውን ጠርገው። "አወቀች ብላ በኔ ሐሳብ ታልቃለች። ሆድ ይፍጀው።"

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኛው እያደር ከበደ። በየቀኑ ይመጣሉ፣ በየቀኑ አሰማለሁ። ሐኪሙ ሲያልፍ ሰላም ይሉታል፤ አንድም ቀን ግን አልጠየቁትም።

ወደ ቤታቸው የሚሄዱ ዕለት የራሳቸውን ቀሚስ ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መጡ። ልጅቷ ገና እንዳየቻቸው ትራሷ ላይ ቀና አለች።

"እማዬ፣ የምነግርሽ ነገር አለ።"

"ትነግሪኛለሽ። መጀመሪያ አሰሚኝ፣ ሲስተር።"

ማዳመጫውን እዚያው ብሽሽቷ ላይ አሳረፍኩት። ቲቸር የተሰፋውን ቁስላቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው ወደ ልጃቸው ጎንበስ አሉ።

"ይሄንንም እኔ ነኝ የሰጠሁሽ" አሉ። "ይሄ አልከዳኝም።"

ልጅቷ አንገታቸው ሥር ገብታ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እኔም ብቻቸውን ልተዋቸው ብዬ ማዳመጫውን ላነሳ ስል ቲቸር እጄን ያዙኝ።

"ተይው" አሉ። "ገና አልጠገብኩም።"