በየፋታው አንድ ቃል

ሌንሱ የሚሉትን ሰውዬ የሚያስቀናው የባልደረባው ከእረፍት አመላለስ ነበር። እሱ ሲመለስ ፊቱ ጨፍግጎ፣ ግንባሩን ቋጥሮ ነው። እሷ ግን ተኝታ የተነሳች ትመስላለች።

ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሰው የታማሚ ደም ያያሉ። ዓይን ሲደክም ያለውን የለም፣ የሌለውን አለ ይላልና፣ ደም የተቀባባቸውን አንድ ትሪ የመስታወት ስላይዶች አይቶ የጨረሰ ሁሉ ተነስቶ ትንሽ ፋታ እንዲወስድ የክፍሉ ኃላፊ አዛለች። ዓይኑን ከሌንስ አይነቅልም ተብሎ ሌንሱ የተባለው ሰውዬ፣ ፋታውን የሚጨርሰው ስልኩ ላይ ነበር። ወሬ ይከፍታል፣ ከማያውቀው ሰው ጋር በጽሑፍ ይሰዳደባል፣ ደሙ ፈልቶ ይመለሳል።

ባልደረባውን ሚጢጢ ይሏታል። በሹፈት ነው እንጂ፣ በር ስትገባ አንገቷን ሰበር የምታደርግ ረጅም ልጅ ናት። ትሪዋን እንደጨረሰች ጓንቷን ታወልቅና እጇን ታጥባ፣ ስልኳን ይዛ ወደ ጓሮው ደረጃ እብስ ትላለች።

"ፍቅር ይዟታል" አለ ሌንሱ በልቡ።

አንድ ቀን በዚያ ሲያልፍ ድምጿን ሰማ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ከጣሪያዎቹ ባሻገር ወዳለው ኮረብታ ልካ፣ "በል እንጂ የኔ ጌታ... አትቸኩል... እንደገና በለኝ" ትላለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "እሰይ! አንጀቴን አራስከው!" ብላ በሌላው እጇ ጭኗን መታች።

ሌንሱ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ዝም የሚል ሰው አይደለም። ስትመለስ ጠብቆ፣ "እና ሰርጉ መቼ ነው?" አላት።

"የማን ሰርግ?"

"የዚያ 'እንደገና በለኝ' የምትይው ጌታሽ ነዋ።"

ሚጢጢ አፏን ይዛ ሳቀች። ሳቁ አልቆም ሲላት ወንበሩን ተደገፈች። "ኧረ ጋሼ! እሱማ ካገባ ቆየ። አባቴ ነው እኮ!"

ሳቋ ሲሰክን ነገረችው። አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። ሰው ፀጉር ቤታቸው የሚመጣው ለጨዋታቸውም ጭምር ነበር፤ ያለ ሳሙና፣ በወሬ ብቻ ጢም ያለሰልሳሉ እየተባለ ይቀለድባቸዋል። ባለፈው ዓመት ግን ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ረጋና ቀኝ እጃቸውና ምላሳቸው አንድ ላይ ተያዙ። እጃቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ። ንግግሩ ግን እምቢ አለ። ሊሉ የፈለጉትን ያውቁታል፤ አፋቸው ጋ ሲደርስ ይጠፋባቸዋል።

"መጀመሪያ ማታ ማታ ቁጭ አድርጌ አስጠናው ነበር" አለች። "እሱም ደክሞት፣ እኔም ደክሞኝ። አንድ ቀን ኩባያውን ወርውሮ ሰበረው፣ ሁለታችንም አለቀስን። የንግግር ሐኪሟ ናት 'ረጅም ሲሆን ይሰለቻል፣ አጭር አጭር እያደረግሽ ደጋግሚው' ያለችኝ። አጭር ጊዜ ደግሞ የት አለኝ? እዚህ አለኝ። እናቴ ስልኩን ትይዝለታለች፣ በየፋታው አንድ ቃል እንሠራለን። እኔም ዓይኔን ሩቅ እልከዋለሁ፣ ያርፍልኛል።"

ሌንሱ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አየውና መልሶ ከተተው። እሱ በማያውቀው ሰው ላይ ሲቆጣ የሚጨርሳትን ቁራጭ ጊዜ፣ ይቺ ልጅ ለካ ለአባቷ አፍ እየገዛችባት ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ ማንም ሳይጠይቀው የደረጃው ዘበኛ ሆነ። እዚያ ቆሞ ሲጋራ የሚያጨስ ካገኘ ያባርራል። "ዛሬ ምን ላይ ናችሁ?" ይላታል። "ማበጠሪያ ላይ" ትለዋለች። ማበጠሪያ ብዙ አለፋቸው። መስታወት ቶሎ መጣ። መቀስ ግን፣ ያ ዕድሜ ልካቸውን ከእጃቸው ያልተለየው መቀስ፣ አልመጣም አለ።

መቀስ ላይ እያሉ ሥራው በላይ በላዩ ሆነ። ትኩሳት ያለባቸው ታማሚዎች በዙና ሚጢጢ ስልክ ወደማይገባበት የመስታወት ክፍል ተመደበች። ስልኳን ለሌንሱ ሰጥታው ገባች። ረፋዱ ላይ ሌንሱ ትሪውን ጨርሶ ሲነሳ ስልኳ ይንዘረዘራል። "አባዬ" የሚል ይነበባል። ሊተወው ነበር፤ ግን ሽማግሌው ጆሯቸውን አቁመው ሲጠብቁ ታየው። አንስቶ ወደ ደረጃው ወጣ።

"ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ልጅዎን ሥራ ይዟት ነው። እኔ ባልደረባዋ ነኝ።"

ከወዲያ የሚሰማው ከባድ ትንፋሽ ብቻ ነው። ከኋላ የእናትየው ድምፅ፣ "በል እንግዲህ፣ ሰውዬውን አናግረው" ይላል።

ሌንሱ ማስጠናት የት ያውቅና! "መቀስ ላይ ናችሁ አሉኝ" ብሎ ጀመረ። "ለእኔስ መቀስም አያስፈልግም። እርስዎ ዘንድ ብመጣ ከግንባሬ ተነስተው ማጅራቴ እስኪደርሱ አንዲት ፀጉር አያገኙም። በጨርቅ ወልውለው ይሸኙኛል እንጂ ሌላ ምን ያደርጉኛል?"

ከወዲያ እንደ ሳል የጀመረ ሳቅ መጣ፤ ከሳቁ መሃል አንድ ድምፅ እየተገፋ ወጣ። "መ..."

"አዎ ጋሼ! መቀስ፣ ይበሉ!"

"መ... መላ..."

"አይ፣ መቀ..."

"መላጣ!" አሉ ሽማግሌው፣ ጥርት አድርገው።

የእናትየው ጩኸት ስልኩን ሞላው። ማንም ያላስጠናቸው ቃል ነበር፤ በገዛ ራሳቸው ቀልድ የመጣ። ሌንሱ ኮሪደሩን በሩጫ አቋርጦ የመስታወቱን ክፍል በመዳፉ ደበደበው። ሚጢጢ ከነጭምብሏ ደንግጣ ቀና አለች።

"ሰደቡኝ!" እያለ ጮኸ፣ ራሱን እየጠበጠበ። "አባትሽ መላጣ አሉኝ!"

መጀመሪያ አልገባትም። አፉን ትኩር ብላ አየች፣ በእጁ የያዘውን ስልኳን አየች፣ የሚጠበጥበውን ራሱን አየች። ከዚያ ዓይኖቿ ሞሉ። እጇ ጓንት ውስጥ ነውና መጥረግ አልቻለችም፤ እንባዋን እዚያው ቆማ አፈሰሰችው።

ከዚያ ቀን በኋላ እሷ ካልቻለች ሌንሱ ይደውላል። ኃላፊዋ በበኩሏ ሥራው እንዳይቆራረጥ ብላ ትንንሾቹን ፋታዎች ሰብስባ አንድ ረጅም እረፍት ልታደርጋቸው አሰበች። በስብሰባ ተናግሮ የማያውቀው ሌንሱ ብድግ አለ።

"እሷን ይዩዋት" አለ ወደ ሚጢጢ እያሳየ። "ሥራዋ ላይ አንድም ቀን ስህተት አልተገኘባትም። ከእረፍት ስትመለስ አዲስ ሰው ሆና ነው። እኔም ከእሷ አይቼ ነው ማረፍ የተማርኩት። እባክዎ ፋታውን አይንኩብን።"

ሚጢጢ አፍራ አንገቷን ደፋች። ኃላፊዋ ሁለቱንም አየች፣ ትንሽ አሰበችና ነገሩን ተወችው።

አባትየው እንደ ድሮው አልሆኑም። የወራት ስም ይምታታባቸዋል፤ ንግግር ሲረዝም መሃል ላይ ይጠፋቸዋል። ግን ጠዋት ጠዋት ፀጉር ቤታቸው ይሄዳሉ። ፀጉሩን ወንድ ልጃቸው ይቆርጣል፣ እሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው ደንበኛ ያጫውታሉ። ቃል ሲሸሻቸው አይናደዱም፤ ጣታቸውን ቀስረው ይጠብቁታል፣ ደንበኛውም አብሯቸው ይጠብቃል።

ሰሞኑን አንድ ቀን ሚጢጢ ከደረጃው ስትመለስ ስልኳን በሁለት እጇ እንደያዘች ነበር።

"ምነው? ዛሬ ምን አሉ?" አላት ሌንሱ።

"ዛሬ እሱ ነው እኔን የጠየቀኝ። 'ደከመሽ ወይ?' አለኝ።"

"እና ምን አልሻቸው?"

"'አልደከመኝም' አልኩት። እውነቴን ነው።" አዲስ ጓንት አጠለቀችና ወንበሯን ወደ ማይክሮስኮፑ ሳበች።