የሐሙስ ውሻ

ኔቪል ውሻውን ሮሎን ከነጭቃው ታቅፎ የበጎች አጥር ሲያሻግር ወገቡ ቀጭ አለ። ውሻው ግን ምስጋና አያውቅም፤ መሬት እንደነካ ቁልቁለቱን ወደ መንደሩ መጠጥ ቤት ይጎትተው ጀመር። በእንግሊዝ አገር የሽሮፕሺርን ኮረብታ ሲወጡ ሲወርዱ ሁለት ሰዓት አልፏቸዋል።

ኔቪል ዛሬ ለመድረስ አልቸኮለም። ሮሎ የእሱ ሳይሆን የጎረቤቱ የግሪፊን ነው። ግሪፊን እግሩን ከታመመ ወዲህ በየሐሙሱ ውሻውን የሚያንሸራሽርለት እሱ ነው። አሁን ግሪፊን ልጁ ዘንድ ጠቅልሎ ሊገባ ነው፤ ቅዳሜ ውሻውን ይዞ ይሄዳል።

ኔቪል ጡረታ የወጣ ፖስታ አዳይ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ሰባት ዓመቷ። ብቻውን ወደ መጠጥ ቤቱ ይመጣ በነበረበት ዘመን ከአስተናጋጇ ከጊሊያን በቀር ቃል የተነፈሰለት አልነበረም። ውሻ ይዞ የገባ ቀን ግን ቤቱ በሙሉ ዘመድ ሆነው። እዚህ ሰው ሰውን ዝም ብሎ አያናግርም፤ ውሻውን ነው የሚያናግረው። ባለቤቱ በውሻው ፈንታ ይመልስና ጨዋታው ይደራል።

እዚያ የሚያገኛት አንዲት ሴትም እንዲሁ ነበረች። አራት ወር ሙሉ፣ በየሐሙሱ፣ ከአሮጊት ውሻዋ ከዲዝል ጋር እሳቱ አጠገብ ትቀመጣለች፤ እሱ ከእሷ ቀጥሎ ካለው ጠረጴዛ። የዲዝልን ዕድሜ፣ የጥርሷን ሕመም፣ ነጎድጓድ እንደምትፈራም ያውቃል። የሴትየዋን ስም ግን አያውቅም። ሳቋ ሳምንቱን ሙሉ ይናፍቀዋል፤ ከዓርብ እስከ ረቡዕ ያለው ቀን አልገፋ ይለዋል።

"አንተ ጭቃም! ዛሬ ደግሞ የት ስትንከባለል ዋልክ?" አለች ሴትየዋ ገና እንደገቡ፣ የሮሎን ጆሮ እያሻሸች።

"ቦይ ውስጥ ወድቄ ነው" አለ ኔቪል በሮሎ ፈንታ። "ጌታዬ አርጅቷል፣ ሊይዘኝ አልቻለም።"

"ጌታህስ አላረጀም። ያረጀው ባርኔጣው ነው።"

ኔቪል ሊስቅ ሞከረና አቃተው።

"ሮሎ ከዛሬ በኋላ አይመጣም" አለ።

"ምነው፣ ታመመ እንዴ?"

"የኔ አይደለም፣ የጎረቤቴ ነው። ቅዳሜ ይዞት ይሄዳል። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ፤ አፍሬ ነው።"

እጇ ውሻው ጭንቅላት ላይ እንዳለ ቀረ።

"ታዲያ አራት ወር ሙሉ ከማን ጋር ነበር የማወራው?"

"ከኔ ጋር" አለ። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

"ሮሎ! ና ብስኩትህን ውሰድ!" ብላ ጊሊያን ከባንኮኒው ተጣራች። ሮሎም ማሰሪያውን ከኔቪል እጅ መንጭቆ ሮጠ። በሁለቱ መካከል ባዶ ወለል ብቻ ቀረ።

"ዲዝል ውሻ የሌለው ሰው አትለምድም" አለች ሴትየዋ፣ ወደ ውሻዋ አቀርቅራ።

"እርስዎስ?"

እንዲህ በቀጥታ ማንም አይጠይቅም። ሴትየዋ ቀና ብላ ፊቱን አየችው።

"እኔ እንጃ" አለች ቀስ ብላ። "ሞክሬው አላውቅም።"

ኔቪል ሮሎን ሊጠራ አፉን ከፈተና ተወው። ቢራውን አንስቶ ወደ እሷ ጠረጴዛ ተሻገረና ተቀመጠ።