ቦራ ስለ ምን ቆመ

«ፈረሱ የት አለ?»

ደባሱ ከድንኳኑ ደጃፍ ቆመው ደረታቸውን እየደቁ አልቅሰው ገና መጨረሳቸው ነው። ከወገል ጤና ግማሹን በጭነት መኪና፣ ግማሹን በእግራቸው መጥተው ቀብሩ አምልጧቸዋል። ሰው ተነሥቶ ቦታ ለቀቀላቸው፤ አልተቀመጡም። ጠመንጃቸውንም አላወረዱም። የሟቹ እኅት ስሜነሽ አጎቷን ልትስም ብድግ ስትል ትከሻዋን ያዝ አድርገው ያንኑ ደገሙላት።

«የአለሜ ፈረስ የት አለ ነው የምልሽ?»

«ጓሮ ታስሯል፣ አያ ደባሱ። ምን ሊያደርግልዎት?»

«ምን ሊያደርግልኝ! ነገ ሠልስቱ አይደለም? ተጭኖ ይወጣላ! ልብሱ፣ ባርኔጣው፣ ዱላው ኮርቻው ላይ ሆኖ ለቅሶው መሀል ይዞራል። እኔ እተኩሳለሁ። ሌላም ጠመንጃ ያለው ይተኩሳል።»

ስሜነሽ ከትናንት ጀምሮ የፈራችው ይህንኑ ነበር።

«ተኩስ አይሆንም» አለች።

ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ የሚያኝክ አፍ ሁሉ ቀጥ አለ። አጎቷ እንዳልሰማ ሰው ጆሯቸውን አዘነበሉ።

«ፈረሱ ሕሙማን የሚቀመጡበት ነው፣ አያ ደባሱ። ድንጋጤ እንዳያውቅ ተደርጎ የተገራ ነው። አንድ ጥይት ከጆሮው ሥር ከጮኸ አበቃለት።»

«ተኩስ የማያውቅ ፈረስ አህያ ነው!» አሉና ተቀመጡ።

ከጥግ ያሉት ሴቶች ተንሾካሾኩ። ስሜነሽ ሳትሰማም ምን እንደሚሉ ታውቃለች። እኅቲቱ እስካሁን አላለቀሰችም፤ መማር ልብን ያደርቃል፤ አሁን ደግሞ የወንድሟን ክብር ልታስቀር ነው። የዛሬ ዓመት እነዚሁ ሴቶች ስለ ወንድሟ ምን ይሉ እንደነበርም ታውቃለች። እንደዚያ ሽባ ልጅ ሲያቅፍ የሚውል የእነሱ ዕጣ ይጋባበታል ይሉ ነበር። አሁን አለሜ በሳንባ ምች ሞተ፣ «ሐኪም ቤት ሂድ» እየተባለ ስድስት ቀን አረቄ በዝንጅብል ሲጠጣ ከርሞ ሞተ፣ እነሱም ንፍሮውን ይዘው «ተጋባበት፣ አላልንም?» ይባባላሉ። ሐኪም ቤቱ ከቤታቸው የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ይህን ባሰበች ቁጥር የምትናደደው በሴቶቹ ይሁን በሟቹ መለየት ያቅታታል።

የቀበሌው ይታገሱ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ መጣ። ሚሊኒየሙ ካለፈ ወዲህ ይህ ሰው ያለ ደብተር ታይቶ አያውቅም።

«መምህርት ስሜነሽ፣ እግዜር ያጥናሽ። አለሜ የበጎ ፈቃድ ሞዴላችን ነበር። ነገ አጭር ንግግር አደርጋለሁ። ቀበሌው ምን ጊዜም ከጎኑ እንደነበረ...»

«በየትኛው ጎኑ?»

«እንዴት?»

«ከጎኑ ነበርን አልክ። በግራ ነው በቀኝ? ሜዳውን ለረቡዕና ለዓርብ ከሰዓት ብቻ ስጡን ብለን ሦስት ዓመት ስንመላለስ አላየንህም፤ ምናልባት ከኋላ ኖረህ ይሆናል።»

«ኧረ አሁን የዚህ ጊዜ ነው?» አለ ይታገሱ ዙሪያውን እያየ። «በኀዘን ቀን ክርክር!»

«ኀዘኑ የእኔ ነው። ንግግሩን ግን የራስህ አደረግኸው።»

አጠገቧ የነበረችው ወለተ ሐና ጉልበቷን ቆነጠጠቻት። «ተይው በናትሽ። የሚሰማም አይደል።»

ወለተ ሐና የንጋት እናት ናት። ንጋት አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በልጅነቷ የመታት ፖሊዮ ሁለቱንም እግሯን ወስዶባታል። ከገነተ ማርያም በኩል ካለው መንደራቸው እስከ ከተማ እናቷ በጀርባዋ ስታመላልሳት ኖረች፤ ልጅቷ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት የእናትዬው ወገብ እምቢ አለ። ከዚያ በኋላ ንጋት ዓለሟ የቤታቸው ደጃፍ ሆነ።

ስሜነሽ ያኔ ደብዳቤ ጻፈች። የአማርኛ መምህርት ናትና ደብዳቤ መጻፍ ታውቅበታለች። ለወረዳ ጻፈች፣ ለዞን ጻፈች፣ የሕግ አንቀጽ እየጠቀሰች፣ ከቤት ያልወጡ አካል ጉዳተኞችን ስም በሰንጠረዥ እያስገባች። አለሜ ሰባተኛውን ደብዳቤ ስትገለብጥ በራፉ ላይ ቆሞ አያት። በቅሎ አከራይ ነበር፤ ቱሪስት ወደ አሸተን ማርያም ያወጣል። አፉ መራራ፣ ጢሙ ያልተላጨ፣ ከሰው ሁሉ የተጣላ።

«ደብዳቤሽ ማንን ተሸክሞ ያውቃል?» አላት።

«አንተስ ማንን ተሸክመህ ታውቃለህ? ፈረንጅ?»

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ረሒማ ከደሴ ሠልጥና ስትመጣ የፈረስ እርምጃ የደከመ ወገብ ያጠነክራል፣ ብዙ አገር ይሠሩበታል ብላ ነግራው ነበር። በማግስቱ ረቡዕ አለሜ አንድ ፈረስ ጭኖ ገነተ ማርያም ወረደና ንጋትን አምጥቶ ሜዳው ላይ አዞራት። በዚያው ዓመት ፈረሱ ላይ የሚወጡት አሥራ አንድ ሆኑ። ስሜነሽ ስም መዝጋቢ ሆነች፣ ረሒማ ወገብ ደጋፊ፤ ፈረሱ ግን የአለሜ ነበር፣ ጩኸቱም የአለሜ።

ይጮኻልና! «እንደ ራሰ ከረጢት አትዘንበይ! ቀና በይ! ፈረሱ የተሸከመው ሰው ነው ወይስ ስልቻ?» ወለተ ሐና የመጀመሪያው ቀን እያለቀሰች ወደ ስሜነሽ መጥታ ነበር፤ ልጄን ሰደባት ብላ። ስሜነሽ ወንድሟን ልትሞግተው ስትነሣ ንጋት ከፈረሱ ላይ ሆና ከለከለቻት።

«ተይው፣ እትዬ ስሜነሽ። ሰው ሁሉ 'እግዜር ይማርሽ' ይለኛል። የሚሰድበኝ እሱ ብቻ ነው።»

እንግዶቹ አሁን «ምን ያለ ደግ፣ ምን ያለ አንደበተ ለስላሳ!» እያሉ ነው። ስሜነሽ ንፍሮ የያዘውን ሳህን ልትወረውር ትንሽ ቀራት። ወንድሟ ለስላሳ አልነበረም። ይህን ሰው ከቀበሩት በኋላ ደግሞ እንደገና ሊቀብሩት ነው፣ አሁን በምስጋና።

ወደ ማታ ሰው ሳሳ ሲል አጎቷ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች። ሽማግሌው ፈረሱን አይተው ተመልሰዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«አያ ደባሱ፣ ከዚህ ከቦራ በፊት ጉራች የሚባል ፈረስ ነበረን። በጥር የሰርግ አጃቢ ሜዳው ዳር ተኩሶ ጉራች ሕፃን እንደያዘ በረገገ። የልጁ ክንድ ተሰበረ። አለሜ ፈረሱን ሸጠና ከዜሮ ጀመረ። ቦራን ለማስተማር ሁለት ዓመት ፈጀበት። ነገ ከተኮሱ የሚቀብሩት ወንድሜን ብቻ አይሆንም።»

ደባሱ ከዘራቸውን መሬት ላይ ገፋ አደረጉ።

«ስሚ ልጄ። አባታችሁ ሲሞት አለሜ አምስት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ፈረስ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ልጅ አልወለደ፤ ሚስቱም ጥላው ሄደች። ስሙን ማን ይጥራው? ባለ ፈረስ ሞቶ ፈረሱ ሳይወጣ እንደ መንገደኛ ይለቀስለት? ለቀብሩ እንኳ አልደረስኩ!»

«ፈረሱ ይውጣ» አለች በመጨረሻ። «ጥይት ግን የለም። ይማሉልኝ።»

«ላሊበላን!» አሉ ደባሱ። «አልተኩስም።»

በሠልስቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለቅሶው ከድንኳኑ ፊት ባለው ሜዳ ቆመ። አለሜ በፈረስ ያዞራቸው የነበሩት አሥራ አንዱ አርፍደው ደረሱ፤ ከፊሉ በቃሬዛ፣ ከፊሉ በዘመድ ጀርባ። ንጋትን ሁለት ጎረቤቶች ናቸው እየተቀያየሩ ያመጧት። ሰው መንገድ ሲለቅላቸው «እግዜር ይማራችሁ» ይላል፤ እነሱም ከዳር በኩል በሰሌን ላይ በረድፍ ተቀመጡ። ይታገሱ ንግግሩን አደረገ፤ «ከጎኑ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ወደ ስሜነሽ ሳያይ ዘለለው።

ከዚያ ደባሱ ቦራን ይዘው ወጡ። በኮርቻው ላይ የአለሜ ጋቢ ተደርቧል፣ ባርኔጣው ከፊት ተሰክቷል፣ ዱላው በጎን ታስሯል። ሴቶቹ ዋይታውን አነሡት። አልቃሿ ድምፅዋን ሳበችው፤

«ኮርቻህ ባዶ ነው ልጓምህ ላልቷል፣
ቦራ ሆይ ንገረን ጌታህ የት ውሏል?»

ፈረሱ መሀል ለመሀል አንዴ ዞረ። ለሁለተኛው ዙር ወደ ዳር ሲጠጋ ንጋት ፊት ደረሰና ቀጥ ብሎ ቆመ። ግራ ጎኑን ሰጣት፣ አንገቱን ዝቅ አደረገ። ደባሱ የልጓሙን ዛብ ጎተቱ፤ ንቅንቅ አላለም። ደግመው ጎተቱ።

«ወይኔ! እንስሳው አዘነ!» ብላ አንዲት ሴት ጮኸች።

«ጌታውን ፍለጋ ቆመ!»

«አበስኩ ገበርኩ! እንባውን እዩት!»

ዝንብ ነበር ዓይኑን የነካው። ለቅሶው ግን እንደ ጎርፍ ሞላ፤ ከዳር የቆሙት ወንዶች ሳይቀሩ ጭንቅላታቸውን ያዙ። ደባሱ ፊታቸው ተለዋወጠ። «የኔ ልጅ!» አሉ፤ «ፈረስህ እንኳ!» መሐላቸውም ጠፋባቸው፤ ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወደ ሰማይ ቀሰሩ።

ስሜነሽ መቼ እንደተነሣች አታውቅም። አፈሙዙን በሁለት እጇ ይዛ ቁልቁል ጎተተችው።

«አላዘነም!» ብላ ጮኸች። «ስሙ! አላዘነም! ሰው እስኪወጣበት እየጠበቀ ነው!»

ለቅሶው ተቋረጠ።

«መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው ሲያይ እንዲቆም ያስተማረው አለሜ ነው። እናንተ ከፈረስ ጋር ጭቃ ላይ የሚንከባለል እብድ ያላችሁት ጊዜ! ራሱ መሬት ላይ እየተቀመጠ፣ ፈረሱን እየጠራ፣ ሲረግጠው እየተሳደበ፣ ሁለት ክረምት! መነሣት የማይችል ሰው ዘንድ ሲደርስ ይቆማል፤ ክብደቱ ኮርቻው ላይ እስኪያርፍ አይሄድም። ይኸው ነው። ተአምር አይደለም፤ ሥራ ነው! የወንድሜን ሥራ ለአንድ ቀን እንኳ ሥራ በሉት!»

አፈሙዙን አለቀቀችም። ደባሱም ጠመንጃውን አልነጠቋትም።

«ታዲያ ምን ይሁን?» አሉ። «እዚሁ ቆሞ ይዋል?»

«ይውላል፣ አያ ደባሱ» አለች ንጋት ከሰሌኑ ላይ። «እኔ ካልወጣሁ እስኪመሽ ይቆማል። ግትር ነው። ከማን ጋር እንደዋለ ታውቁ የለ።»

አንድ ሰው ሳቀና አፉን በጋቢው ሸፈነ።

«በሟች ኮርቻ ላይ ሰው አይወጣም» አለ አንድ ሽማግሌ ከወንዶቹ መሀል። «በለቅሶ መሀል! ነውር ነው።»

ሁሉም ደባሱን አየ። እሳቸው ፈረሱን አዩ፤ ቀጥሎ በረድፍ የተቀመጡትን አሥራ አንዱን አንድ በአንድ አዩ። ጠመንጃቸውን ለስሜነሽ ለቀቁላት። ባርኔጣውን አንሥተው በራሳቸው ላይ ደፉ፣ ዱላውን ፈትተው ለወለተ ሐና ሰጡ፣ ጋቢውን በትከሻቸው ጣሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ንጋትን ከብብቷ ሥር ያዟት።

«ከባድ ነሽ አንቺ» አሉ።

«ቀስ በሉ፣ ስልቻ አይደለሁም» አለቻቸው።

ኮርቻው ላይ ስትቀመጥ የቦራ ጆሮዎች ወደ ኋላ ዞሩ፤ ክብደቷን ያዳምጥ ነበር። መሄድ ግን አልቻሉም። ደባሱ ለለቅሶው ብለው እርካቦቹን በአለሜ ቁመት ልክ አርዝመዋቸው ኖሯል። የንጋት ቀጫጭን እግሮች አየር ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ።

ስሜነሽ ጠመንጃውን ለአንዱ አቀበለችና በግራ በኩል ተንበረከከች። የእርካቡን ጠፍር ይዛ ቋጠሮውን ልትፈታ ሞከረች። አዲስ የተሳበ ጠፍር ነው፣ ጠንክሯል። በጥርሷ ያዘችው፤ ላብና የፈረስ ጨው ቀመሰች። ቋጠሮው ሲላላ ጠፍሩ ላይ የቀዳዳዎቹ ረድፍ ታየ፤ ከታሰረበት ወደ ላይ አራተኛው ቀዳዳ ከሌሎቹ ይልቅ ሰፍቶ፣ ጠርዙ ጠቁሮ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ረቡዕና ዓርብ ሲሳብበት የኖረ። ስሜነሽ እዚያ ቀዳዳ ላይ አውራ ጣቷን አሳርፋ ቆየች።

ከፈረሱ ወዲያ ማዶ አጎቷ ተንበርክከው የቀኙን እርካብ ይፈቱ ነበር። ጉልበታቸው ብቻ ይታያታል።

«ስንት ቀዳዳ ላሳጥረው?» አሉ።

ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ የወጣላት ለቅሶ ነበር። እጇን በቦራ ሆድ ሥር አሳልፋ አራት ጣቶቿን ዘረጋችላቸው።