የሸዋረጋ ፓስወርድ

ወይዘሮ ሸዋረጋ የኮምፒውተሯን ፓስወርድ በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጥፋው ነበር። ላምበረት መናኸሪያ ጀርባ ባለው እሷ ሪከርድ በምትይዝበት ትምህርት ቤት ዘበኛው ሳይቀር በቃሉ ያውቀዋል። የሪከርድ ክፍሉን የብረት ካቢኔ ቁልፍ ግን ለማንም አትሰጥም፤ በክር አስራ አንገቷ ላይ ነው የምታውለው። ካቢኔ ይሰረቃል፣ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ማን ይሰርቃል ብላ ነው። እንግዲህ ሰው ከነጠባዩ ነው።

ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ በነበረው ክረምት አንዱ አስተማሪ ከኢንተርኔት ቤት ያመጣውን ፍላሽ ሰካና የዘጠነኛ ክፍል ውጤት በቫይረስ ድራሹ ጠፋ። ሸዋረጋና ጸሐፊዋ ጵርስቅላ ከወረቀት እያዩ እንደገና ሲለቅሙት ነሐሴ አለቀ። የኮምፒውተር አስተማሪው የገመቺስ ትዕግሥትም አብሮ አለቀና የአስተዳደር ሠራተኛውን ሁሉ ላይብረሪ ውስጥ ሰበሰበ።

ገመቺስ ቀጭንና ቁጡ ልጅ ነው። የሰው ፍላሽ ሳይፈተሽ አይሰካም አለ። ከወንበር ሲነሱ ስክሪኑን መቆለፍ፣ የሠሩትን ደግሞ በየሳምንቱ ሌላ ቦታ መገልበጥ ግዴታ ነው አለ። ከዚያ የሸዋረጋን ቁራጭ ወረቀት ከኪሱ አወጣ።

«ይቺ ምንድን ናት፣ እትዬ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሸዋረጋም አብራ ሳቀች፤ ፊቷ ግን ቀላ።

«ፓስወርድ ማለት ማንም የማያውቀው ቃል ነው» አለ ገመቺስ። «የልጅ ስም አይሆንም፣ ስልክ ቁጥር አይሆንም። ለጓደኛ አይነገርም፣ በስልክ ደግሞ ጭራሽ አይነገርም።»

ማንም የማያውቀው ቃል! ሸዋረጋ ቢሮዋ ተመልሳ ብታስብ ብታስብ ጠፋባት። እዚያ ግቢ ውስጥ ምን የተደበቀ ነገር አላትና ነው? መሪ ሰፈር የደረሳት ኮንዶሚኒየም፣ የልጇ እጮኛ፣ የጨጓራዋ መድኃኒት፣ ሁሉም የአደባባይ ወሬ ነው።

አንድ ነገር ግን ነበራት። የክርስትና ስሟ።

እናቷ እንጦጦ ማርያም ደጅ ነው ያሳደጓት። «ይህን ስም ለሰው ከነገርሽ አንዱ ክፉ ለመተተኛ ይሰጥሽና አለቀልሽ» ይሏት ነበር። እሳቸውም ቢሆኑ በዚያ ስም የሚጠሯት ሲያቅፏት ወይም ትኩሳት ሲይዛት፣ ያውም በሹክሹክታ ነበር። እናቷ ካረፉ ወዲህ ስሙን የሚያውቁት የንስሐ አባቷ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ዕድሜ ተጭኗቸው ረስተውት ነው መሰል «ልጄ» ነው የሚሏት። ከእንግዲህ ጮክ ተብሎ የሚሰማው በፍትሐቴ ቀን ነው ብላ ትቀመጥ ነበር።

ወለተ ጻድቅ። በእንግሊዝኛ ፊደል፣ እያንዳንዷን ቁልፍ በአንድ ጣት እየፈለገች መታችው። ስክሪኑ ላይ የታየው ነጠብጣብ ብቻ ነው። እሰይ አለች በሆዷ፤ ኮምፒውተሩም ምሥጢር ያውቃል።

ከዚያ ያልጠበቀችው ነገር መጣ። ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩን መክፈት ደስ ይላት ጀመር። እናቷ ከሞቱ ወዲህ በዚያ ስም የጠራት አልነበረም፤ አሁን ግን በየቀኑ የገዛ ጣቶቿ ይጠሯታል። ታክሲ ውስጥ ተጋፍታ፣ ከረዳት ጋር ተጨቃጭቃ ብትገባ እንኳ ስሟን ስትመታ ልቧ ይረጋል። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

«እትዬ፣ እርስዎ የቀሩ ቀን ምን ይውጠናል?» አለቻት ጵርስቅላ አንድ ቀን። «ለእኔ ይንገሩኝ፣ ካልሆነም ገመቺስ ለእኔ የራሴን መግቢያ ይክፈትልኝ።»

«ቆይ፣ ምን አስቸኮለሽ? ይደርሳል» አለች ሸዋረጋ። አልደረሰም።

መስከረም ሃያ አንድ የእንጦጦ ማርያም ንግሥ ነው። ሸዋረጋ አስፈቅዳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ አቀበቱን ወጣች። ታቦት ወጥቶ እልልታው በቀለጠበት ሰዓት ስልኳ ጮኸ። ጵርስቅላ ናት።

«እትዬ፣ ኢፍቱ መጥታ ነው። ትራንስክሪፕቷ ላይ ስሟ «ኢፍታ» ተብሎ ወጥቷል። ጎንደር ነው የተመደበችው፣ ምዝገባው ነገ ወዲያ ያበቃል፣ አውቶቡሷ ነገ ንጋት ላይ ነው። ስሙ ካልተስተካከለ አይመዘግቧትም!»

ሸዋረጋ ክው አለች። ያንን ስም የጻፈችው እሷ ናት። የኢፍቱ አባት ዋቅጅራ መናኸሪያው ላይ ዕቃ ተሸካሚ ነው፤ ያቺን ልጅ በትከሻው ነው ያስተማራት።

«ገመቺስስ?»

«አዳማ ስብሰባ ላይ ነው፣ ስልኩ ዝግ ነው። እኔ በግምት ሞክሬ ሁለቴ ተሳስቻለሁ። አሁን አንዴ ከሳትኩ ይቆለፋል።»

ሸዋረጋ ቁልቁል አየች። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ሰው ነው፤ ታክሲ የሚባል ነገር የለም። እሷ ላምበረት እስክትደርስ ዳይሬክተሩ ማኅተሙን ቆልፎ ቤቱ ገብቷል። በስልክ አይነገርም ብሏል ገመቺስ። ለሰው አይነገርም ብለዋል እናቷ። ሁለቱ ሳይተዋወቁ አንድ ቃል መናገራቸው ገረማት፤ ፍርሃቱ ግን የእናቷ ነበር፣ የልጅነት ፍርሃት።

በስልኩ ውስጥ ከሩቅ የወንድ ድምፅ ሰማች። ዋቅጅራ ነው። «ተይ ልጄ፣ በዓል ላይ ናቸው፣ አታስቸግሯቸው። እኛ ለከርሞ…»

ለከርሞ! ሸዋረጋ ከዚያ በላይ መስማት አልቻለችም። ወደ ግንቡ ጥግ ሄደች፣ በነጠላዋ አፏን ሸፈነችና «ወለተ ጻድቅ» አለች፤ እናቷ ይሉት እንደነበረው፣ በሹክሹክታ።

«አይሰማም እትዬ! ኔትወርኩ!»

ትንሽ ከፍ አድርጋ ደገመችው። «ወለተ ማን?» አለች ጵርስቅላ። ሸዋረጋ ኔትወርክ ፍለጋ አንድ ድንጋይ ላይ ወጣች፤ ዓይኗን ጨፈነችና ጮኸች።

«ወለተ ጻድቅ!»

«አቤት!» አለ አንድ ድምፅ ከበስተኋላዋ። ነጭ ጠጉር ያላቸው ባልቴት ናቸው። «አቤት! ማነው?» አለች ሕፃን ያዘለች ሴት ከወዲያ። ጧፍ የምትሸጥ ልጅም ቀና ብላ «እኔን ነው?» አለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የሸዋረጋ ቃል ደግሞ የወጣው እዚያው አፋፍ ላይ ነው። የሚመለስበት መንገድ የለም።

«እትዬ፣ ጻን በምን ጻፉት?» ትላለች ጵርስቅላ።

«በቲና በኤስ!»

«ቅንስ? በኬ ነው በኪው?»

«በኪው! የእንግሊዟ ኩዊን በምትጻፍበት! ሁሉንም በትንሹ ፊደል፣ ሳታራርቂ!»

ሸዋረጋ የማርያምን ስም ጠራች። «ገባ!» አለች ጵርስቅላ፣ እሷም እልል አለች፣ ዋቅጅራም በኦሮምኛ ምርቃቱን ያወርደው ጀመር።

ባልቴቷ ተጠግተዋታል። «የጠራሽኝ አንቺ ነሽ?»

«አይ እናቴ፣ ይቅርታ። ራሴን ነው የጠራሁት።»

«እንግዲያ ሞክሼ ነና!»

«እርስዎ መተት አይፈሩም?» አለች ሸዋረጋ፣ ሳታስበው።

ባልቴቷ ዙሪያቸውን አዩና ሳቁ። «ይህን ሁሉ ወለተ ጻድቅ የትኛው መተተኛ ይዘልቀዋል? ደክሞት ይተወዋል!»

ሸዋረጋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ቀኑን ሙሉ ቀለላት፤ ስትወርድም አቀበቱን ስትወጣ ያልዘመረችውን የማርያም መዝሙር እያንጎራጎረች ነበር።

በማግስቱ ኢፍቱ በጊዜ ተሳፍራለች፤ ዋቅጅራ ይህን ሊነግር ብቻ በር ድረስ መጥቶ ነበር። ገመቺስም ተመልሶ ሁሉንም ሰማ፤ አልተቆጣም። ለጵርስቅላ የራሷን መግቢያ ከፈተላት። «ለእርስዎ ግን፣ እትዬ፣ ያ ፓስወርድ አልቆለታል። አንዴ ከተነገረ ይቀየራል» አለ።

ሸዋረጋ አዲስ ቃል አሰበችና ለብቻዋ መታችው። ጥሩ ቃል ነው፤ ማንም አያገኘውም። ነጠብጣቦቹ ግን ዝም አሉባት። እሷና ስክሪኑ ተያዩ፣ እናቷን ሁለተኛ የቀበረች መሰላት።

በሩ ተከፈተ። ጵርስቅላ ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው፣ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እኛ ጴንጤዎቹ ቤት እንዲህ ያለ ስም አይወጣም፤ ትናንት ቀኑን ሙሉ ከአፌ አልጠፋ አለኝ። ሰው ፊት አልለውም፣ እምልልዎታለሁ። እንደምን አደሩ፣ ወለተ ጻድቅ?»

ሸዋረጋ ልትቆጣት አፏን ከፈተች። የወጣው ግን «አቤት፣ ልጄ» ነበር።